የእሑድ ጉልበት

ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ እንደ ንስሐ አባት ስትገሥጽ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በቀደም ሰማሁ። ግራ ጉልበቴ ከተቀመጥኩበት ስነሣ ሲጥ ሲጥ ይላል። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ። ቢቸና ያለው ፋርማሲ ገባሁና እንደ ጥርስ ሳሙና እየተጨመቀ የሚወጣ የቁርጥማት ቅባት ገዛሁ። ጄል ነው የሚሉት አሁን። ይዤ ልወጣ ስል ልጅቷ፣ «አባቴ፣ ቆዩማ» አለችኝ።

«የጎንዮሽ ጉዳት አለው። ሊያሳክክዎት ይችላል፣ ቆዳዎ ሊቀላ ይችላል፣ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ቁስል ላይ አይቀቡት። በቀቡበት እጅ ዓይንዎን አይንኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀቡት ቦታ ፀሐይ እንዳያገኘው» አለች።

ሳቅሁ። ልጅቷ ቅር አላት። ምን ያስቅዎታል ብትለኝ፣ «ልጄ፣ እኔ ይህን ያወቅሁት አንቺ ከመወለድሽ በፊት ነው፤ ያውም ሚስት ላጣ ስል» አልኳት። ልነግራት ፈልጌ ነበር፣ ግን ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ። እናንተ አልተሰለፋችሁም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ቢቸና ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ፀሐይ ለልጆች የሚያስተምረው ሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ክረምት ደብረ ማርቆስ ለአስተማሪዎች ሥልጠና ስንሄድ ውባለም ከምትባል የሞጣ አስተማሪ ጋር ተዋወቅሁ። ሥልጠናው ምን እንደነበር አላስታውስም። ውባለምን ግን አስታውሳለሁ። ስትስቅ አፏን በደብተር ትሸፍናለች። ክረምቱ ሲያልቅ እሷ ሞጣ ገባች፣ እኔ ቢቸና ቀረሁ። ደብዳቤያችንን የአውቶቡስ ረዳት ነበር የሚያመላልሰው። ወዲያው ደግሞ እንደ ደንቡ ሽማግሌ ይላክ ተባለ።

የሽማግሌው አለቃ አጎቴ አያ ፈንቴ ነበሩ። አያ ፈንቴ የማያውቁት ነገር የለም። የማያውቁትንም ያውቁታል። ሁለት ሰው አስከትለው ሞጣ ድረስ ሄዱ፤ በደብረ ወርቅ በኩል ያለው መንገድ ያኔ አቧራው ሰው አያስለይም ነበር። ሲመለሱ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ምን አሉ ብላቸው፣ «እንመካከርበት አሉ» አሉኝ። ይህ ክፉ መልስ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ የከበደችው አባት ብቻ ነው።

«ግን ሰውዬው ጉልበታቸውን ያማቸዋል» አሉ አያ ፈንቴ። «ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ለምንም ነገር እሺ አይልም።»

የውባለም አባት አቶ ይግዛው ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሚሰፉትም ቁምጣ ነው። ጎጃሜ ያለ ቁምጣ ምኑን ጎጃሜ ሆነ? የሞጣ ዙሪያ ገበሬ ግማሹ የሳቸውን ቁምጣ ነው የሚለብስ፤ እሳቸውም ከቁምጣ ሌላ ለብሰው አያውቁም። የስፌት መኪናውን ሠላሳ ዓመት ሲረግጡ ኖረው ቀኝ ጉልበታቸው አመፀ። አያ ፈንቴ እንደ ነገሩኝ ግን ሰውዬው ከጉልበታቸው ይልቅ ስለ እሑዳቸው ነው አብዝተው ያማረሩት። ቀበሌው ስብሰባ የሚጠራው እሑድ ጧት ነው፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት። ሜዳ ላይ ቁጭ ተብሎ ስም ይጠራል። ስሙ ሲጠራ አቤት ያላለ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳሩን አያገኝም። ስኳሩስ ይቅር፣ ለምን ቀረህ ተብሎ መጠየቁ አለ። አቶ ይግዛው ደግሞ በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉ ሰው ናቸው። ቅዳሴ ሲያመልጣቸው ሳምንቱን ሙሉ ፊታቸው አይፈታም። እኔ ግን ይህን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። ጉልበት የሚለውን ብቻ ያዝኩ።

ያን ሰሞን ቢቸና አጠገብ የውኃ ጉድጓድ ሊቆፍሩ የመጡ ፈረንጆች ነበሩ። ሾፌራቸው ጓደኛዬ ነው። አንዱ መሐንዲስ ወዳገሩ ሲመለስ ያልተከፈተ ቅባት ከነካርቶኑ ለሾፌሩ ሰጥቶት ሄደ። ጓደኛዬ ምንም የሚያመው ነገር የለም። እኔ ደግሞ የሚያመው አማት አለኝ። ቅባቱን ተቀበልኩት።

ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ ተጣጥፎ የገባ ወረቀት ነበር። ዘርግቼ አነበብኩት። ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለጉልበት፣ ለትከሻ ይላል። ጎሽ። ስስ አድርገው በቀን ሁለት ጊዜ ይቀቡት፣ እጅዎን ይታጠቡ ይላል። ጎሽ። ከዚያ በታች ፊደሉ እንደ ጉንዳን ያንሳል፣ ቁመቱም እስከ መሬት ነው። እስቲ ሐቁን ተናገሩ፣ የመድኃኒት ወረቀት እስከ መጨረሻው ያነበባችሁ ስንት ናችሁ? ወረቀቱን አጣጠፍኩና የጂኦግራፊ መጽሐፌ ውስጥ ገጽ ማስታወሻ አደረግሁት። ቅባቱን ለአያ ፈንቴ ሰጠሁ። ለማግባት የጠየቀ ሰው ጥያቄው ሳይመለስለት የልጅቷን ደጅ አይረግጥም፤ ያለ ሽማግሌ እጅ የሚደርስ ነገር የለም። ስስ ተደርጎ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እጅ መታጠብ። ሌላ ምንም አላልኩም።

አያ ፈንቴ ግን የተነገራቸውን ብቻ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። በኛ አገር ቅባት ማለት ቅቤ ነው። ቅቤ ተቀብቶ ደግሞ ፀሐይ ይሞቃል፣ ካልሞቀ አይሰርፅም። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ማንም አላስተማረንም፣ አብሮን ነው ያደገው። እናም አያ ፈንቴ ቅባቱን ለአቶ ይግዛው ሲሰጡ ከራሳቸው ጨመሩበት፦ «ወፍራም አድርገው ይቀቡት። ቀብተው ደግሞ ደህና ፀሐይ ይምቱት፤ ፀሐይ ካላሰረፀው ምን ዋጋ አለው?»

ደህና ፀሐይ የት ይገኛል? እሑድ፣ ስብሰባ ላይ።

አቶ ይግዛው ጧት ጉልበታቸውን በቅባት አጥምቀው፣ ቁምጣቸውን ለብሰው፣ ሜዳው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር ማንም አያስታውስም። ርዝመቱን ግን የአቶ ይግዛው ጉልበት ያስታውሳል። መቼም ያን ቅባት የሠሩት ፈረንጆች ጉልበታቸው ሱሪ ውስጥ ነው የሚኖረው። ጎጃም ውስጥ ጉልበት ውጭ እንደሚያድር ማን ይንገራቸው?

በማግሥቱ ጉልበታቸው ቀላ። በሦስተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ። የሚገርመው ደግሞ ከቁምጣው ጠርዝ በላይ ቆዳቸው የሕፃን ገላ ነው፤ ከጠርዙ በታች በርበሬ የተደፋበት ይመስላል። በመቀስ የተቆረጠ ያህል ልክ ነበር አሉ። የልብስ ሰፊ ቁስል።

ውባለም በረዳቱ እጅ የላከችልኝ ደብዳቤ አራት መስመር ነበር። «የአባባ ጉልበት ተላጠ። ጎረቤት ሁሉ መስተፋቅር ነው ይላል፤ እሺ እንዲሉ በቢቸና ደብተራ የተደገመበት ነው ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ሽማግሌም አይምጣ ተብሏል። ምንድን ነው የላክኸው?»

ደነገጥሁ። ወንድ ልጅ ደነገጥኩ ማለት አይወድም፣ እኔ ግን እላለሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፣ እራትም አልበላሁም። የኛ አገር ቅኔውም ድግምቱም ስሙ ሩቅ ይሰማል፤ አንድ ጊዜ መስተፋቅር ተብሎ የተወራበት ሰው ደግሞ በቅባት የገባበትን በውኃ አይወጣበትም። ውባለምን ላጣት ነው። ያውም ደግ ሠራሁ ብዬ።

ለነገሩ በመስተፋቅሩ ያላመኑት የውባለም እናት ብቻ ነበሩ። «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹ። «ቅባት ለብሶ ፀሐይ ላይ መውጣት ምን ያመጣል ብላችሁ ነበር?» አሉ አሉ። የሰማቸው የለም። በኋላ ሳስበው ያበግነኛል። እሳቸው ሳያነቡ የደረሱበትን እኔ ተምሬ፣ ወረቀቱም በእጄ እያለ አልደረስኩበትም።

ወረቀቱ ትዝ ያለኝ ክፍል ውስጥ ነው። መጽሐፉን ስገልጥ ወደቀ። ልጆቹን ካርታ ሳሉ አልኩና መዝገበ ቃላት ይዤ በመስኮቱ ብርሃን ጉንዳኖቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ያሳክካል። ያቀላል። ውኃ ይቋጥራል። የተቀባውን ቦታ ፀሐይ እንዳያገኘው፤ ቅባቱን ካቆሙ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ተሸፍኖ ይቆይ። ወፍራም ተደርጎ አይቀባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። አያ ፈንቴን ጠርቼ ምን ብለው እንደ ሰጡ ብጠይቃቸው፣ ሳያፍሩ ነገሩኝ። ጭራሽ፣ «ፀሐዩ አንሶት ይሆናል» አሉ።

በነጋታው አውቶቡስ ተሳፍሬ ሞጣ ገባሁ። ወደ ቤታቸው መሄድ ነውር ነው። ስለዚህ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ለጤና ረዳቱ ወረቀቱን ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና፣ «መስተፋቅሩ አንተ ነህ?» አለኝ። ወሬው እሱም ጋ ደርሷል። ደግ ሰው ነበር። በዚያው ሰዓት ሄዶ አቶ ይግዛውን አያቸው፤ እኔ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ድግምት እንዳልሆነ ለጎረቤቱ ሁሉ ጮክ ብሎ ነገረ፤ ወረቀቱንም አሳየ። ለአቶ ይግዛው ደግሞ ቅባቱን ይተዉ፣ ጉልበትዎን ይጠቡ፣ እስኪሽር ረጅም ሱሪ ይልበሱ አላቸው።

ረጅም ሱሪ የሚለው ከቅባቱ በላይ አቃጠላቸው። «ቁምጣ ሰፊ ሆኜ ረጅም ሱሪ ለብሼ ብታይ ማን ያሰፋኛል?» አሉት። እንግዲያው ፀሐይ ላይ አይቀመጡ አላቸው። «እሑድስ?» አሉ። ጤና ረዳቱ ትንሽ አሰበና ለቀበሌው ወረቀት ጻፈ። ቁስላቸው እስኪድን ድረስ ፀሐይ ላይ እንዳይቀመጡ የሚል፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት።

በዚያ ዘመን ማኅተም ምን እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ከመልአክ ቀጥሎ ነው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሽማግሌ እንደገና ሄደ። ይምጡ የሚል ቃል ከቤቱ ወጥቶ ነው፤ ለመስጠት ይሁን ለመሳደብ አልታወቀም። አያ ፈንቴ እንኳ በመንገዱ ሁሉ ዝም ብለዋል አሉ፣ ይህም ታሪክ ነው። ሲገቡ አቶ ይግዛው መደቡ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው አሁንም ቀይ ነው። 

«ጉልበቴን አቃጠለኝ፤ ይቅር ብያለሁ» አሉ አቶ ይግዛው። «የሚልከውን ነገር ሳያነብ መላኩን ግን አልወደድኩለትም። አስተማሪ አይደለም ወይ?»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ ቀጥለው። «ግን ከጥሎሹ ጋር ከዚያ ቅባት አንድ ይጨመርልኝ።»

«ከዚያው ካቃጠለዎት?» አሉ አያ ፈንቴ።

«ካቃጠለኝ።»

ሙሽራ ካልታዘልኩ አላምንም አለች እንደሚባለው፣ እኔም አያ ፈንቴ ሦስት ጊዜ ደግመው እስኪነግሩኝ አላመንኩም። ካመንኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ጭንቅ መጣ። ቅባቱን ከየት ላምጣ? ፈረንጆቹ ጉድጓዳቸውን ጨርሰው ሄደዋል። ጨርቁም ጫማውም ተገኘ፣ ቅባቱ ጠፋ። ለውባለም ጻፍኩላት። «አትጨነቅ፣ ያለ እሱ ና። እኔ አለሁ» ብላ መለሰችልኝ። እውነትም ሠርጉ ላይ አቶ ይግዛው ስለ ቅባት ትንፍሽ አላሉም። ይልቅ በዚያ ቀይ ጉልበታቸው ከጎረምሳ እኩል ሲጨፍሩ ዋሉ። ሰዉ ሁሉ ጉድ አለ። ያ ቅባት መጀመሪያ በሽታውን በቆዳ አወጣው፣ ከዚያ አዳነው ተባለ። ሲያማኝ የከረመው ጎረቤት፣ ለኛም አንድ ስጠን ይለኝ ጀመር።

የጉልበታቸው ቅላት አይለቅም፣ ሕመሙ ግን የለም። አቶ ይግዛው ስፌታቸውን ይረግጣሉ፣ እሑድ እሑድ ማኅተሙን በኪሳቸው ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው ያስቀድሳሉ። መቼም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፀሐይ የለም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ተጠራጥሮ አንድ እሑድ ጧት ቤታቸው ድረስ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን አየ። ቀይ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ምንም አይባልም። ከወጣ በኋላ ደግሞ ተመልሶ በር ላይ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጓድ ይግዛው፣ ይቺ ቅባት ለኔም ትገኝ ይሆን?» አላቸው። የሰብሳቢም እሑድ እሑድ ነው።

እኔ ግን ጂኦግራፊ ባስተምርም ሒሳብ አይጠፋኝም። አንዲት ጣት የምታህል ቅባት ሁለት ዓመት እንዴት ይበቃል? ያውም ተዉት የተባለ ቅባት።

ያወቅሁት አንድ ቅዳሜ ነው። እኔና ውባለም ልንጠይቃቸው ሞጣ ሄደን፣ ወደ ማታ ከጓሮ ስትመጣ አየኋት። እጇን በጨርቅ ጠቅልላ አንድ እቅፍ ሳማ ይዛለች። አባቷ መደቡ ላይ ቁምጣቸውን ሰብስበው እግራቸውን ዘርግተዋል። ሳማ ታውቃላችሁ፤ አጥር ሥር የሚበቅለው፣ በልጅነታችን ስናጠፋ የተገረፍንበት። በዚያ ሳማ የአባቷን ጉልበት ሾጥ ሾጥ አደረገችው። አቶ ይግዛው ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «ጨምሪ፣ ነገ እሑድ ነው» ይላሉ።

ለካ ማኅተሙ «ቁስሉ እስኪድን» ነው የሚለው። ቁስሉ በሦስት ሳምንት ሊድን ሲዳዳው አቶ ይግዛው አዩትና ፈሩ። ጉልበቱ ከዳነ እሑዱ ይሞታል። ቅባቱ አልቋል፣ ሳማ ግን አያልቅም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁስሉ እንዳይድን ተደረገ። የሳማውን አጨዳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እስክንጋባ የያዘችው ውባለም ናት፤ ከዚያ ወዲህ እናቷ ይተኳታል። ያ ሁለተኛ ሽማግሌ የሄደ ለት ቀልቶ የታየው ጉልበት የሷ እጅ ሥራ ነበር። ልስጥሽ ወይስ አልስጥሽ ብለው ቢጠይቋት፣ «አባባ፣ እሑድዎን የመለሰልዎት እሱ አይደለም ወይ?» ብላ ነው ያስፈቀደችው። ቅባቱን ከጥሎሹ ጋር መጠየቃቸው ቆዳቸው ከሳማ እንዲያርፍ ብለው ኖሯል። እኔ ደግሞ ይህችን ሴት ላጣት ነው ብዬ ምሳ ሳልበላ ውዬ ነበር።

ታዲያ ጉልበቱን ማን አዳነው? አቶ ይግዛውን እንደዚያ ብዬ ጠየቅኋቸው።  መልሱን ያገኘነው ቆይቶ፣ ደርግ ሲወድቅ ነው። የእሑዱ ስብሰባ ቀረ። አቶ ይግዛው እፎይ ብለው ሳማውን ተዉት። ወር አልሞላም፣ ጉልበታቸው እንደ ድሮው ይቆረጥማቸው ጀመር። «ይህ መንግሥት ለጉልበቴ አልተስማማም» ይሉ ነበር። በኋላ ገባቸውና ወደ ሳማቸው ተመለሱ። በዚያው ጉልበት ኖረው፣ በዚያው ጉልበት እስከ መጨረሻው አስቀደሱ። ነፍሳቸውን ይማር። እሾህን በእሾህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። እናንተ ግን እንዳትሞክሩት፤ ፋርማሲዋ ልጅ ትቆጣኛለች።

በቀደም ቅባቱን ይዤ ቤት ስገባ ውባለም ተቀበለችኝና መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እኛ ቤት የመድኃኒት ወረቀት እስከ መጨረሻው ይነበባል። ስትጨርስ አጣጥፋ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው፣ ካርቶኑንም ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው። ከዚያ እጇን በጨርቅ ስትጠቀልል አየሁ።

«ሱሪህን ሰብስብ» አለችኝ።

«ኧረ ተይ፣ ሳማው የጎንዮሽ ጉዳት የለውም?» አልኳት።

«የለውም» አለች፣ ወደ ጓሮ እየሄደች። «የጎንዮሽ ጉዳት የነበረው ያ ቅባት ነው። ጉዳቱም አንተ ነህ፤ ይኸው እስካሁን አልለቀቀኝም።»